ሰደቃ ነው ወይስ ቆሻሻ?
የአሮጌ ስልክና ላፕቶፕ አማና

የዛሬው ትምህርታችን የመጣው ከአንዲት ተማሪያችን ጥያቄ ነው። ባለፈው ሳምንት «አማና» የሚለውን ቃል ስንማር እጇን አወጣችና እንዲህ አለች፦

«ቲቸር፣ እኛ ቤት የማይሠራ ላፕቶፕ አለ። እማዬ ‹ደሴ ላለችው አክስትሽ እንላክላት፣ ሰደቃ ይሆንልናል› አለች። አባዬ ደግሞ ‹እሱ እኮ ቆሻሻ ነው፣ ጣሉት› አለ። ማናቸው ናቸው ትክክል?»

ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ይላክ!» ግማሹ «ይጣል!» አለ። እኔ ግን «እስቲ ላስብበት» ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። ከዓመታት በፊት እኔም የማይሠራ ላፕቶፕ አዲስ አበባ ላለ ዘመዴ በሰው ሻንጣ ልኬለት ነበር። «እዛ ያሠሩታል» ብዬ ነው። ዘመዴ ከአንዱ ጠጋኝ ወደ ሌላው ይዞት ዞረ። ለታክሲ ከፈለ፣ ለማስመርመሪያ ከፈለ፣ በመጨረሻ ላፕቶፑ አልጋ ሥር ገባ። እኔ ስደውልለት ግን «ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥህ» ከማለት በቀር ምንም አልነገረኝም። እውነቱን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እኔ ሰደቃ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የቤቴን ቆሻሻ ነው ወደ ሰው ቤት ያሻገርኩት።

ስለዚህ ልጆች፣ ጥያቄው ቀላል አይደለም። አብረን እንየው።

ዕቃው ውስጥ ምን አለ?

ስልክ፣ ታብሌት፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ቻርጀር፣ ሪሞት ኮንትሮል፣ የጌም ዕቃ፣ በባትሪ የሚሄድ መጫወቻ፣ እነዚህ ሁሉ ሲያረጁና ሲበላሹ «የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ» ይባላሉ። ውስጣቸው ግን ሁለት ዓይነት ነገር አለ፤ የሚጠቅምም፣ የሚጎዳም።

የሚጠቅሙት እንደ ወርቅ፣ ብርና መዳብ ያሉት ናቸው። አንድ ሚሊዮን ሞባይል በትክክል ተፈትቶ ቢቀልጥ 35 ሺህ ፓውንድ ያህል መዳብ፣ 772 ፓውንድ ብርና 75 ፓውንድ ወርቅ እንደሚገኝበት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢ.ፒ.ኤ.) ይገልጻል። አላህ መሬት ውስጥ ያስቀመጠው፣ ሰው በብዙ ድካም ቆፍሮ ያወጣው ሀብት ነው። መሳቢያችን ውስጥ ተኝቷል!

የሚጎዱት ደግሞ እንደ እርሳስና ሜርኩሪ ያሉት ናቸው። እዚህ ላይ አማርኛችንን እንመልከት። «እርሳስ» ስንል የምንጽፍበትን እርሳስ ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ከባዱን መርዘኛ ብረትም እንዲሁ «እርሳስ» እንለዋለን። አትደንግጡ፣ የምትጽፉበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው፣ መርዙ የለበትም። «ብር»ም እንደዚሁ ነው፤ ገንዘቡም ብር ነው፣ ነጩ ማዕድንም ብር ነው።

መርዘኛው እርሳስ በድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን መስታወት ውስጥ በብዛት ነበረ። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ትምህርት የመቀበል ችሎታቸውን ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም።

አዲሶቹ ስልኮችና ላፕቶፖች ደግሞ ሊትየም ባትሪ አላቸው። ይህ ባትሪ ሲጨፈለቅ ወይም ሲበሳ እሳት ይነሳል። በቆሻሻ መኪና ውስጥ የሚነሳው እሳት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። መኪናውን የሚነዳውም ሰው የአንድ ልጅ አባት ነው።

«ጣልነው» ስንል የት ሄደ?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች። ከመቶው እጅ በትክክል ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የታወቀው 22 እጅ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው? ከፊሉ ተቀበረ፣ ከፊሉ ተቃጠለ፣ ከፊሉ ወደ ድሃ አገሮች ተሻገረ። በዚያም ሰዎች፣ አንዳንዴም ልጆች፣ ገመዱን አቃጥለው መዳቡን ያወጣሉ፤ ጭሱን ይተነፍሱታል።

«ይህ ሩቅ አገር ነው» እንዳትሉ። ከፌርፋክስ በመኪና ብዙ ሳንሄድ፣ ከዳውንታውን በስተደቡብ፣ ቨርነን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ የመኪና ባትሪ አቅልጦ እርሳሱን የሚያወጣ ኤክሳይድ የሚባል ፋብሪካ ነበር። በ2015 ተዘጋ። ነገር ግን ከፋብሪካው የወጣው የእርሳስ ብናኝ በቦይል ሃይትስ፣ በሜይውድ፣ በሃንቲንግተን ፓርክና በሌሎችም ሰፈሮች በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ግቢ አፈር ላይ ተገኝቷል። ልጆች የሚጫወቱበት አፈር ማለት ነው። የካሊፎርኒያ መንግሥት አፈሩን እያስቆፈረ ሲያስወጣ ዓመታት ፈጅቷል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? «እንደገና መጠቀም» ወይም «ሪሳይክል» መባሉ ብቻ አይበቃም። በትክክል ካልተሠራ ጎረቤትን ይጎዳል።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ላፕቶፕ አልነበረም። ትምህርታቸው ግን ለላፕቶፕም ይሠራል። አምስት ነገር እንያዝ።

1. አማና። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ (4፥58) አማናን ለባለቤቱ እንድንመልስ ያዝዘናል። ምድርም፣ ውሃውም፣ አፈሩም አላህ በአደራ የሰጠን ነው። ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃው እስኪያልቅለት ብቻ ሳይሆን መጨረሻው እስኪያምር ድረስ አደራ አለበት።

2. ኢስራፍ፣ ማለትም ማባከን። በሱረቱል አዕራፍ (7፥31) አላህ አባካኞችን እንደማይወድ ተነግሮናል። የሚሠራ ስልክ እያለን አዲስ ሞዴል ወጣ ብለን ብንጥለው ምን ይባላል? እናታችን አዒሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ ቤታቸው ውስጥ ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ እንደነበር ተናግራለች። እሳቸው ጫማ መጠገን ካላሳፈራቸው፣ እኛን የተሰነጠቀ ስክሪን ማስቀየር ለምን ያሳፍረናል?

3. ጉዳት አለማድረስ። ነቢዩ ሰው ራሱንም ሌላውንም መጉዳት እንደሌለበት አስተምረዋል። ጎረቤቱ ከክፋቱ የማይድንበትን ሰው በብርቱ አስጠንቅቀዋል። የቨርነንን ሰፈር ልጆች አስታውሱ።

4. ከመንገድ ላይ የሚጎዳን ነገር ማንሳት። ይህ ሰደቃ እንደሆነና የኢማን ቅርንጫፍ እንደሆነ ነቢዩ ነግረውናል። የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ መንገዳችን ላይ ተሰባሪ ቴሌቪዥን ወድቆ ብታዩ ለቤተሰባችሁ ንገሩና 311 ይደወል። በእጃችሁ ግን አትንኩት።

5. የማትፈልጉትን አትስጡ። ለተማሪያችን ጥያቄ ዋናው መልስ እዚህ ነው። በሱረቱል በቀራ (2፥267) አላህ ስትሰጡ መጥፎውን መርጣችሁ አትስጡ፣ እናንተ ራሳችሁ ዓይናችሁን ካልጨፈናችሁ በቀር የማትቀበሉትን አትስጡ ይለናል፤ መልእክቱ ይህ ነው። እስቲ ዓይናችሁን ክፈቱና ላፕቶፑን እዩት። አክስታችሁ ከደሴ ለእናንተ ብትልክላችሁ ደስ ይላችኋል?

አንድ ታሪክ ልጨምርላችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ቀን ገበያ ውስጥ እህል የሚሸጥ ሰው አገኙ። እጃቸውን ወደ ክምሩ ሲያስገቡ ውስጡ እርጥብ ሆነ። ሰውየው ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ማታለልንም በብርቱ ኮነኑ። የዕቃ ጉድለት አይደበቅም። የሚላክ ስልክ «ባትሪው ቶሎ ያልቃል» ከሆነ ያንኑ መናገር ነው።

አገር ቤትስ?

ወላጆቻችሁን «ቆራሌው!» ማን ነው የሚለው ብላችሁ ጠይቋቸው። ይስቃሉ! አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ፣ ጠርሙስ፣ ብረት የሚገዛው ሰው ጥሪ ነው። የገዛውን ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ይወስደዋል። እዚያ የድሮ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ይሆናል። አያቶቻችን «ሪሳይክል» የሚለውን ቃል ሳይሰሙ ሥራውን ያውቁት ነበር። ይህ የምንኮራበት ባህል ነው።

ኤሌክትሮኒክስ ግን ከበርሜል ይለያል። በርሜል በመዶሻ ይመታል፤ ስልክ በመዶሻ ቢመታ መርዝና እሳት ይወጣዋል። ኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ ቁጥር 425ን፣ በ2018 አውጥታለች። አቃቂ አካባቢም አሮጌ ኮምፒውተሮች የሚፈቱበት ማዕከል ተቋቁሟል። ሆኖም ከኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ወርቅና መዳቡን በደኅና የሚያወጡት ትልልቅ ማቅለጫዎች ያሉት እንደ ቤልጂየም፣ ጀርመን፣ ካናዳና ጃፓን ባሉ አገሮች ነው። ስለዚህ የሞተ ላፕቶፕ ወደ ደሴ ስንልክ፣ ማስወገጃ በቅርቡ ካለበት ቦታ አንስተን ማስወገጃ ወደሌለበት ቦታ ነው የምናሻግረው።

ዓለምም ይህን አይቷል። ባዝል በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወደ ሌላ አገር ሲላክ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ አውቆ መፍቀድ አለበት። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል ናት። በእርግጥ ስምምነቱ የወጣው ለትልልቅ ጭነት ነው እንጂ ለአክስት ሻንጣ አይደለም። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ ተቀባዩ ይጠየቅ።

እንግዲህ መልሱ

የእናት ኒያ ጥሩ ነው፤ የአባትም ጥርጣሬ እውነት አለው። የሚሠራ ከሆነ ሰደቃ ነው፣ ይላክ። ሊጠገን የሚችል ከሆነ እዚሁ እኛ ከፍለን እናስጠግነው፣ ከዚያ ይላክ። የጥገናውን ወጪ ለተቀባዩ ካሸከምነው ሰደቃው ዕዳ ይሆንበታል። የማይጠገን ከሆነ አይላክም፤ ቤታችን ባለው ቆሻሻ መጣያም አይጣልም። ወደ ቦታው ይወሰዳል።

ከመላካችን በፊት ስድስት ነገር እንይ

1. ይሠራል? አንድ ቀን ሙሉ ተጠቀሙበት። «ይበራል» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም።

2. ባትሪው አብጧል? ያበጠ ባትሪ አይነካም፣ አይበሳም፣ ቻርጅ አይደረግም፣ አውሮፕላን ላይም አይወጣም። ለወላጅ ወዲያው ተናገሩ።

3. የኤሌክትሪኩ ኃይል ይስማማል? እዚህ 120 ቮልት፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። ቻርጀሩ ላይ «100-240» የሚል ካለ ይሠራል። 120 ብቻ የሚል የሩዝ ማብሰያ ግን እዚያ ሲሰካ ይቃጠላል።

4. ተከፍቷል? ስልኩ ለአንድ የስልክ ኩባንያ የተቆለፈ ከሆነ ኩባንያው እንዲከፍተው ጠይቁ። ከአይክላውድ ወይም ከጉግል አካውንታችሁ ውጡ። ካልወጣችሁ ተቀባዩ የእናንተን የሚስጥር ቃል ይጠየቃል።

5. ሚስጥሩ ተሰርዟል? እናታችሁ ቤት ውስጥ የተነሳቻቸው ፎቶዎች፣ የባንክ ወረቀቶች፣ መልእክቶች ሁሉ አማና ናቸው። የሚፈለገውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ከዚያ ሁሉንም አጥፉ።

6. ተቀባዩ ይፈልገዋል? ደውሉና ጠይቁ። «እንዲህ ያለ ዕቃ አለ፣ ጉድለቱ ይህ ነው፣ ይጠቅምሻል ወይ?» በሉ። «አይ፣ ይቅርብኝ» ለማለት እንዳታፍር መንገዱን ክፈቱላት።

እዚህ ሎስ አንጀለስ የት እንውሰደው?

በካሊፎርኒያ ከፌብሩዋሪ 2006 ጀምሮ ባትሪና ኤሌክትሮኒክስ ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል ክልክል ነው። በጥቁሩም፣ በሰማያዊውም፣ በአረንጓዴውም ቢን አይገባም። ሰማያዊው የሪሳይክል ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እሱም ለወረቀትና ለጠርሙስ እንጂ ለስልክ አይደለም።

የከተማው ነዋሪዎች «ሴፍ ሴንተር» ወደሚባሉት ማዕከሎች በነፃ መውሰድ ትችላላችሁ። አንዱ በፕላያ ዴል ሬይ በኩል ሃይፐሪዮን ነው፣ ሌላው ከዳውንታውን በስተምሥራቅ በዋሽንግተን መንገድ ላይ ነው። ክፍት የሚሆኑት በሳምንቱ መጨረሻ ስለሆነ ከመሄዳችሁ በፊት 311 ደውላችሁ ሰዓቱን ጠይቁ። ትልቅ ቴሌቪዥን ከሆነም በ311 ቀጠሮ ይዛችሁ ከቤታችሁ እንዲያነሱት ማድረግ ይቻላል። ከከተማው ወሰን ውጭ ለምትኖሩት ሎስ አንጀለስ ካውንቲ በየጊዜው የመሰብሰቢያ ቀን ያዘጋጃል። ስልክ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ከጁላይ 2006 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕግ መሠረት ሞባይል የሚሸጥ ሱቅ አሮጌ ሞባይል የሚቀበልበት መንገድ ሊኖረው ይገባል።

የባትሪውን ጫፎች በፕላስተር ሸፍናችሁ ውሰዱ፤ እርስ በእርስ ሲነካኩ ይግላሉና።

አዲስ ቃላት

አማና፦ አደራ፤ ጠብቀን የምንመልሰው ነገር።
ኢስራፍ፦ ማባከን፤ ከሚያስፈልግ በላይ መጠቀም።
መዳብ፦ በኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ያለው ቀላ ያለ ብረት።
ማቅለጥ፦ በእሳት ፈሳሽ ማድረግ።
ጠጋኝ፦ የተበላሸ ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ።
ጉድለት፦ የጎደለ ወይም የተበላሸ ነገር።

ጥያቄዎች

1. «እርሳስ» የሚለው ቃል ስንት ትርጉም አለው? ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
2. ቨርነን አካባቢ ምን ሆነ? ከጎረቤት ሐቅ ጋር እንዴት ይገናኛል?
3. «ቆራሌው» ዛሬ ቤታችሁ ቢመጣ ምን ትሰጡታላችሁ? ምንስ አትሰጡትም? ለምን?

የቤት ሥራ

ከወላጅ ጋር ሆናችሁ መሳቢያውንና ቁም ሣጥኑን ክፈቱ። ያገኛችሁትን በሦስት ረድፍ በአማርኛ ጻፉ፦ «የሚሠራ»፣ «የሚጠገን»፣ «ያለቀለት»። ምንም አትፍቱ፣ ምንም አትስበሩ። ዝርዝሩን በሚቀጥለው ሳምንት ይዛችሁ ኑ።

ለወላጆች

ውድ ወላጆች፣ በካሊፎርኒያ በ2003 በወጣው ሕግ መሠረት ከጃንዋሪ 2005 ጀምሮ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕና ሌላም ስክሪን ያለው ዕቃ ስትገዙ ለማስወገጃው ትንሽ ክፍያ ደረሰኛችሁ ላይ ይጨመራል። ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ባትሪያቸው ውስጣቸው የታሸገ ዕቃዎችም ተጨምረውበታል። ስለዚህ ገንዘቡን አስቀድማችሁ ከፍላችኋል፤ አገልግሎቱን መጠቀም መብታችሁ ነው።

ሌላው፣ ሁላችንም ለየብቻ ሃይፐሪዮን ድረስ መንዳት የለብንም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባል የለ? ሦስት አራት ቤተሰብ ዕቃውን አንድ ላይ አድርጎ በአንድ መኪና ቢሄድ ይበቃል። በአንድ ጊዜ የሚፈቀደው እስከ 125 ፓውንድ መሆኑን ብቻ አስታውሱ። ልጆቹንም ይዛችሁ ሂዱ። ለአገር ቤት ዘመድ ስትልኩ ደግሞ ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ሆነው ስድስቱን ጥያቄዎች ያንብቡላችሁ፤ አማርኛም ይለማመዳሉ።

የተማሪያችን ላፕቶፕስ? ቤተሰቡ ተነጋግሮ ለጠጋኝ ሊያሳዩት ተስማምተዋል። ከተሠራ ወደ ደሴ፣ ካልተሠራ ወደ ሴፍ ሴንተር ይሄዳል። እኔም ለዘመዴ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ሳቀና «ቲቪ ማስቀመጫ አድርጌዋለሁ፣ አታስብ» አለኝ።

ሳምንት ኢንሻአላህ ዝርዝራችሁን ይዛችሁ እንገናኝ። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።